ይድመቅ ያልኩት ፊደል

ማክሰኞ፣ ጥር 26። ከቀኑ 10፡30

የ11ኛ «ሐ»ን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሹ ክፍል ዛሬም ቀስቱን ረስቷል። ስንት ጊዜ ጮህኩ! ሰሌዳ ላይ ቬክተር ሲጻፍ ከፊደሉ አናት ላይ ቀስት ይደረጋል፤ ካልተደረገ ተራ ቁጥር ነው። ቀስት የሌለው ኃይል ወዴት እንደሚገፋ ማን ያውቃል? ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀ።

ፍላሹ መጣ። የዳንግላው ሚኒባስ ረዳት ለጥበቃው ሰጥቶት ሄደ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ስሜ ከነመምህርነቴ ተጽፎበት። ም. ነገር ሲያሽግ አይጣል ነው።

ከፈትኩት። ቢጫ።

ሞጁላችን ከላይ እስከ ታች ቢጫ ተቀብቷል። ገጹ አይደለም፣ ፊደሎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ቬክተር፣ አንድ በአንድ። የእሱም ምዕራፎች፣ የእኔም።

የድሮዋ ደብተር በገና ስላለቀች አንቺ ገና አዲስ ነሽ፤ ማንን እንደማማ ላስረዳሽ። ም. ማለት ምንይችል ነው። ኮሌጅ አብረን ተማርን፤ እሱ ዳንግላ ፊዚክስ ያስተምራል፣ እኔ እንጅባራ ሒሳብ። ለሁለታችንም ተማሪዎች ስለ ቬክተር አንድ ማጠናከሪያ ሞጁል እየጻፍን ነው። አንደኛና ሁለተኛው ምዕራፍ የእኔ፣ ሦስተኛና አራተኛው የእሱ። ሌላም ነገር አለ። ባለፈው እሑድ፣ በፈረሰኞቹ በዓል ማግስት፣ ወደ ትውልድ መንደሬ ግምጃ ቤት፣ አባባ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። አባባ ልጄን ላማክር ብለው ለየካቲት 8 ቀጠሩ። እስከዚያ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ።

እስከ ትናንት መልሴ እሺ ነበር። እወደዋለሁ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ዛሬ ግን ይህ ቢጫ።

ባለፈው ሳምንት መልእክት ልኬለት ነበር። አሁን ከስልኬ ላይ ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦ «ምዕራፍ 3 እና 4 ላይ ምንም አልደመቀም። ቬክተሮቹን በሙሉ አድምቃቸው።» ከዚህ የጠራ አማርኛ አለ? በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ቀስት አያስፈልግም፣ ፊደሉ ራሱ ጠቆር ብሎ፣ ደምቆ ከጎረቤቶቹ ይለያል። መምህር ሁሉ ቦልድ ይላል። እኔ አልልም። አማርኛ እያለ ምን በወጣኝ።

መልሱ «እሺ መምህር» ነበር። በቃ ይቺው። እሺ ያለ ሰው ለምን ቢጫ ይቀባል?

ረቡዕ፣ ጥር 27። በምሳ ሰዓት

ትርንጎ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ የምትጋራው የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አሳየኋት። ስህተቴ። ከአፏ የሚወጣው ሁሌም ነዳጅ ነው። ረሳሽው እንዴ፣ አለችኝ፣ የቀድሞው የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ከሰው የተቀዳ ነገር ሲያገኝ ምን ዓይነት ቀለም ነበር የሚቀባው?

ቢጫ ነበር የሚቀባው።

ምሳዬን ከደንኩት። ታዲያ ም. የእኔን ፊደል ቢጫ የቀባው ከሰው ቀድተሻል ለማለት ነው? ከማን ነው የቀዳሁት? የሁለተኛውን ምዕራፍ ምሳሌዎች ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ወይስ ይህ የእኔ ነው፣ ይህን እኔ እወስዳለሁ እያለ ምልክት እያደረገ ነው? ሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም ብዬ ስጠይቀው ያንቺ ይቅደም አለ። ቶሎ ነው ያለው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ቶሎ ማለቱ አልጣመኝም።

ቀስት ወይስ ማድመቅ ብለን ስንከራከርም እንዲሁ ነበር። እሱ ሰሌዳ ላይ እንደለመዱት ቀስት ይሁን አለ፤ እኔ መጽሐፍ መጽሐፍ ይምሰል አልኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተከራክሮ ተወው። የፊዚክስ መምህር በቀላሉ ይረታል?

ትርንጎ ደውለሽ ጠይቂው ትላለች። አልጠይቅም። ከጠየቅሁት መልስ ያዘጋጃል። ድምፁ ደግሞ ጥሩ ነው፤ በስልክ ምንም ቢለኝ አምነዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ከቀኑ 11 ሰዓት

ቢጫውን ሁሉ አጠፋሁ። ከሥሩ ያሉት የእሱ ፊደሎች አሁንም ያልደመቁ፣ ድሮ እንደነበሩት ቀጫጭን ናቸው። ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ ቀለም የቀባ ሰው፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማድመቅ አቃተው? ሆን ብሎ ነው።

ምን ችግር አለው እንዳትዪ። ስሚኝ። አንዱ በሦስት ኒውተን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው በአራት ወደ ሰሜን ድንጋይ ቢገፉ፣ ፊደሎቹ ከደመቁ ድምሩ አምስት ነው። ካልደመቁ ሰባት። ተማሪው የሚያየው ያንኑ ኤ እና ቢ ነው፣ በመሐል ያለው ልዩነት የቀለሙ ክብደት ብቻ ነው። ማድመቅ ጌጥ አይደለም። ፊደሉ ምን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ፍጥነት ሲደምቅ አቅጣጫ ያለው ነው፣ ሳይደምቅ መጠኑ ብቻ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ሲመጡ ያኛውን ከዚህኛው የሚለይልሽ ሌላ ነገር የለም።

ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩ። አትፍረጂብኝ።

ምዕራፍ ሦስት ላይ የኃይሎች ድምር ዜሮ ነው የሚል መስመር አለ። ያ ዜሮ ቬክተር ነውና መድመቅ አለበት። ዜሮን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ዜሮ ስለሆነ ምንም የሌለው ይመስላቸዋል። ሆን ብዬ ሳላደምቀው ተውኩት። ከሥር ደግሞ መጠነ ቁስን፣ ኤምን፣ አደመቅሁት። ኤም አቅጣጫ የለውም፣ መድመቅ ነውር ነው። ም. ሥራውን ከልቡ የሚያነብ ከሆነ ሁለቱንም ያገኛል። ለማስመሰል ከሆነ ያልፋቸዋል።

ፍላሹን ለረዳቱ ሰጠሁ። በስልክም መልእክት ላክሁ፦ «አሁንም አልደመቁም። ጨርሶ። በደንብ አድምቃቸው።»

«ይቅርታ መምህር፣ በደንብ አደምቃለሁ» አለ። ይቅርታ የሚለው ምን አድርጎ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ረፋድ

ቀይ!

ቢጫው ተመልሷል፣ ፊደሎቹ ደግሞ ቀይ ሆነዋል። ቢጫ ላይ ቀይ። የገበያ ጃንጥላ ነው የሚመስለው። ዓይኔ ውኃ አቀረረ። ቀይ በእኔና በእሱ ሙያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ቀይ የተሳሳተ ነገር ላይ የሚሰመር ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በሰው ልጅ ወረቀት ላይ ያሰመርኩትን በእኔ ላይ አሰመረብኝ።

ቆይ። ወጥመዱ።

ዜሮው ላይ ቀለም አለ። አገኘው። ሌሎቹ መምህራን ሁሉ የሚዘሉትን ዜሮ ም. አልዘለለውም። ኤም ላይ ቀለም የለም፤ ከጎኑ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ይህ ለምን ወፈረ? መጠነ ቁስ እኮ ነው።»

ሁለቱንም አግኝቷል። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ወጥመድ መሆኑን ማን ነገረው አልኩ። ትርንጎ ናት? ትርንጎ ስልክ ቁጥሩ የላትም። እንጃ።

ደግሞ «ወፈረ» አለ። ፊደል ይወፍራል እንዴ? በሬ ነው? እኔ አድምቅ ስለው እሱ ወፈረ ይላል። በአማርኛዬ ላይ እየቀለደ ይሆን?

እሑድ፣ የካቲት 1። ግምጃ ቤት

አባባ ደህና ናቸው። ፈረሱም ደህና ነው፤ ከእኛ ሁሉ እሱ ተመችቶታል። የበዓሉ ጌጥ ወልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ቤት ስገባ ምላሴ በራሱ ወደ አገውኛ ይዞራል። አባባ ከሽማግሌዎቹም ጋር በአገውኛ ነው የተነጋገሩት። ጨዋ ሰዎች ናቸው አሉኝ። ልጁንም አጠያይቀው ነበር፣ ክፉ ነገር አልሰሙም። ታዲያ ምን ልመልስላቸው ይሉኛል። እስከ ሳምንቱ ይታገሡኝ አልኳቸው። ምን አጠፋ ይሉኛል።

ምን ልበል? ፊደሌን ቢጫ ቀባብኝ ልበል? አፌ ውስጥ ሳዞረው ለራሴም ሳቄ መጣ። አልተናገርኩም።

አንቺ ግን የሚያስፈራኝን እወቂው። ሰባተኛ ክፍል ወደ እንጅባራ ስመጣ አማርኛዬ ይሰበር ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጥቼ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ተናገርኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ መምህሩም ሳቁ። ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ነበር የሚጠሩኝ። ከዚያ በኋላ ማንም የማያርመው አማርኛ ልናገር ብዬ ማልኩ። ቦልድ የማልለው ለዚህ ነው፤ ኩራት ብቻ አይደለም። እስከ ዛሬ ሰው ንግግሬን ሲደግምብኝ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል።

ም. ራሱ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፣ አገውኛ አፉን የፈታበት ነው። ግን ከእኔ ጋር አንድም ቀን በአገውኛ አላወራም። እኔም አላወራሁትም። ሁለታችንም ጥንቅቅ ባለ አማርኛ ነው የምንነጋገረው፣ ዜና የምናነብ ይመስል። ለምን? ታፍርብኛለች ብሎ ነው ወይስ አፍሮብኝ?

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከቀኑ 9 ሰዓት

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሞጁሉ የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። ሰኞ ይባዛል ብያለሁ። እስቲ ልሞክር ብዬ የም.ን ቀለም እንዳለ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ። ማሽናችን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ቢጫውም ቀዩም አመድ ሆኖ ወጣ። ፊደሉ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ይመስላል፤ ኤፍ ይሁን ኢ አይለይም። ተማሪዎቼ ይህን አንብበው ሊፈተኑ!

ከራሴ ምዕራፍም አንድ ገጽ፣ ቀለሙን አጥፍቼ፣ ሞከርኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ እሱም እንዳሰብኩት አልሆነም። የማሽኑ ቀለም ስለበዛ ሁሉንም ያደምቃል፣ ደማቁና ያልደመቀው እኩል ይሆናሉ። ርዕሱ ላይ ደግሞ ባሰ። ርዕስ ሁሉ ደማቅ ስለሆነ በመካከሉ ያለው ቬክተር ጠፍቷል፤ ሁሉ ሲደምቅ ምንም አልደመቀም። ርዕሶቹን ያለ ፊደል፣ በቃል ብቻ እጽፋቸዋለሁ። የማሽኑንም ቀለም ቀንሱልኝ እላለሁ።

ም. ደወለ። አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ። ስልኩን ፈተና ወረቀቱ ሥር ከተትኩት፣ እዚያም ሆኖ ይነዝራል። ከዚያ መልእክት መጣ። ነገ ከሰዓት ክፍል የለውም፣ እንጅባራ ይመጣል። የሚያሳየኝ ነገር አለው።

ምንድን ነው በአካል ካልመጣ የማይታይ?

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ከቀኑ 11፡30

አሁን ነው የተመለስኩት።

መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተገናኘን። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል። ለምን ተቆረጠ? ሻይ አዘዘልኝ፣ ስኳሩን እንደምወደው ራሱ አማሰለው። እኔ አልቀመስኩትም። ቦርሳውን ከፈተ፣ ትልቅ ፖስታ አወጣ። ምዕራፍ 3 እና 4ን በባለ ቀለም ማተሚያ አሳትሟቸዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማም ጨምሮበታል። ከፊቴ ዘረጋቸውና ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ፦

«አሁንስ ደመቀ አይደል?»

ቃሌን። የእኔን ቃል፣ በእኔው አባባል፣ እየሳቀ። ሻይ ቤቱ ጠፋ፤ ሰባተኛ ክፍል ሰሌዳው ፊት ቆሜያለሁ። ፈገግታው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ልክ እንደነዚያ ልጆች ነው።

በጣም ደምቋል አልኩት። ተነሣሁ። ምን አጠፋሁ ብሎ ተከተለኝ፣ እስከ ባጃጁ ድረስ። ራስህን ጠይቅ አልኩት። ባጃጁ ሲዞር ወረቀቶቹን ታቅፎ እንደቆመ ነበር።

ለአባባ ደወልኩ። ለእሑድ መልሱ እምቢ ነው አልኩ። «ይሁን፣ የኔ ልጅ። ብቻ ሳትናደጂ ነው የወሰንሽው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ውሸቴን ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 6። ከሰዓት

አለቀስኩ። በእረፍት ሰዓት፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ። ትርንጎ ደስ ያላት መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው። አሁን ማንንም ማመን አቅቶኛል።

ሞጁሉ ግን ሰኞ መባዛት አለበት፣ ተማሪ ምን አደረገ። የእሱን ምዕራፎች እኔው ላደምቅ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የራሴን አንድ በአንድ ነበር የማደምቀው፤ ፊደል መምረጥ፣ መጫን፣ መምረጥ፣ መጫን። ሲደክመኝ እዘላለሁ፤ የራሴ ምዕራፍ ውስጥ ራሱ ያልደመቁ ብዙ አገኘሁ። አሁን ሌላ መንገድ ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ «ቬክተር» የሚባል አንድ ስታይል፣ አንድ የፊደል አለባበስ፣ ፈጠርኩ። ፊደሉን ምን እንዲመስል ሳይሆን ምን እንደሆነ ነው የምነግረው፤ አንተ ቬክተር ነህ እለዋለሁ፣ እሱ ይደምቃል። ነገ ሐሳቤን ቀይሬ ቀስት ይሁን ብል አንድ ቦታ ብቻ ነው የምነካው። መደመሪያውን፣ እኩል ይሆናልን፣ ቅንፉን አልነካም፤ እነሱ ምን አቅጣጫ አላቸው። ኦሜጋንና ሌሎቹን የግሪክ ፊደሎች ግን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። አንዳንዱ ደመቀ ይልሽና እንደነበረ ይቀራል፣ ምንም ሳይናገር። ዝም የሚል ነገር አልወድም።

ስሠራ የእሱን ምሳሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ አነበብኩ። ምዕራፍ 4 ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አለ። ጋሪው ከገበያ ወጥቶ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ በስተግራ ባሕር ዛፍ ያለበትን ዳገት ይወጣል።

የእኛ ዳገት ነው። ከአባባ ቤት ፊት ለፊት ያለው። ኮሌጅ እያለን አንድ ጊዜ ስለዚያ ዳገት ነግሬው ነበር፤ ባሕር ዛፉ በስተግራ መሆኑን ሁሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ይዞት።

የሚያፌዝብኝ ሰው ዳገቴን ምን ያደርግለታል? ወይስ እኔን ለማባበል ነው ያስገባው? አላውቅም። ደከመኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ግምጃ ቤት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ረፋድ ላይ ደረስኩ። አባባ አላነጋገሩኝም ማለት ይቻላል፤ ነገ ለሽማግሌዎቹ የሚሉትን እምቢታ በሆዳቸው እያለማመዱ ይመስላሉ። ደጅ ላይ ፈረሱ ታጥቦ ቆሟል። የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ስለሆነ ሊያጅቡ ነው። የአጎቴ ልጅ ኮርቻውን ጫነች። አባባ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ አልወደዱትም። ይህ ምንድን ነው፣ ለሠርግ እኮ ነው፣ «አድምቂው እንጂ!» አሏት።

ሄደች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የበዓል ጌጥ አመጣች። ቀዩን ዘርፍ አሰረችለት። አባባ አሁንም አልደመቀም አሏት። ቢጫውን ጨመረች። በደንብ አድምቂው። ብርቱካናማውን።

እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ውኃው እግሬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

ማንም አባባን ምን ማለትዎ ነው አላላቸውም። አድምቂ ሲባል ቀለም ነው የሚመጣው። አልደመቀም ሲባል ሌላ ቀለም ይጨመራል። በመላ አገሩ እንደዚያ ነው። ፊደል ማወፈር ነው ብዬ የማስበው እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሰው ለዚያ ቦልድ የሚል ቃል አለው፣ እኔ ነኝ የጠላሁት። ስልኬን አወጣሁ። «አድምቃቸው።» ቢጫ ቀባ። «አሁንም አልደመቁም። በደንብ አድምቃቸው።» ቀይ ጨመረ። ከዚያ ገንዘቡን አውጥቶ በቀለም አሳትሞ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ አሁንስ ደመቀ አይደል አለኝ። እየጠየቀኝ ነበር። የምሩን።

መልሱ እንዴት ያምራል! ሲያምር ደግሞ ጠረጠርኩት። ይህን ያሰብኩት እንዲሆን ስለምፈልግ ቢሆንስ? የእኔን ምዕራፍ ደምቆ ሲያይ አይገባውም ነበር? ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ዳገቱን ወጣሁ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ሁለት መስመር ይይዛል። ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

ሰላምታ አልሰጠሁትም። አድምቅ ስልህ ምን ማለቴ መሰለህ አልኩት። ቀለም አለ። ፈራ ተባ እያለ። ፊደሎቹን ቦልድ አድርግ ማለቴ እኮ ነው አልኩ።

ሲመልስልኝ በአገውኛ ነው። ኮሌጅ ከገባን ጀምሮ አንድም ቀን ባላወራኝ በአገውኛ። የእኔ ፊደሎች መወፈራቸውን አይቶ ነበር፤ ግን አድምቅ ስለው ከዚያ የተለየ፣ እሱ የማያውቀው ነገር መሰለው። አማርኛዬ እንደ መጽሐፍ ስለሆነ፣ አልገባኝም ቢል የገጠር ልጅነቱ የሚታወቅበት መሰለው። ይህን አታውቅም እንዴ እንዳልለው ፈራ። ስለዚህ ቀለም ጨመረ።

እኔን ፈርቶ። አማርኛዬን ፈርቶ! ያንን ሁሉ ዓመት ሰው እንዳይስቅብኝ ስስለው የኖርኩት አማርኛ ሌላ ሰው ላይ ሰሌዳ ሆኖ ቆመበት። እኔም ለምን ቢጫ ቀባህ ብዬ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ።

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። በአገውኛ ነው፣ እሱን አውቃለሁ። መስመሩ ተቋረጠ። ስለ ነገው አንድም ቃል ሳንነጋገር።

እሑድ፣ የካቲት 8። ጠዋት 2 ሰዓት

ሌሊቱን ያመንኩትን ጠዋት ተጠራጠርኩ። ተፈጥሮዬ ነው መሰለኝ፤ በአንድ ፈረስ ምክንያት አይለቀኝም። መልሱ ቆንጆ ነበር፣ ቆንጆ መልስ ደግሞ ያሠጋኛል። ነገር ግን ዜሮውን ማግኘቱ ቆንጆ መልስ አይደለም፣ ማንም ሳያየው የሠራው ሥራ ነው። ዳገቱንም እኔ ሳልጠይቀው ነው ያስቀመጠው። አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ ከእንግዲህ መጠርጠሬን አልተውም፣ ግን ከጠየቅሁ በኋላ እጠረጥራለሁ።

ለአባባ ነገርኳቸው። እምቢ ያልኩት ተናድጄ ነበር፣ እሺ ነው ይበሏቸው። ጋቢያቸውን እያጣፉ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። አውቄው ነበር አሉ። እንዴት አወቁ አልኩ፣ ልማዴ ነው። ስትዋሺ ድምፅሽ ያምራል አሉኝ።

4፡15

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስቱም። ጓዳ ሆኜ ላፕቶፑ ላይ የመጨረሻውን ምዕራፍ እያየሁ ነው፤ ባትሪው ሳያልቅ። ቀለም የለም። ቬክተሮቹ ሁሉ ደምቀዋል፣ ዜሮውም ጭምር። ሽፋኑ ላይ የሁለታችንም ስም አለ። መግቢያው ላይ «ደማቅ (ቦልድ)» ብዬ ጽፌያለሁ። እጄን አልቆረጠውም።

ከወዲያ ድምፅ ይሰማኛል። ሳል። ሳቅ። አባባ እሺታውን ተናገሩ መሰለኝ፣ ምርቃት ተጀመረ። አሜን አሜን ይላሉ። እኔም ከጓዳ አሜን አልኩ።

አባባ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ ሠርጉ ግን ይድመቅ እያሉ ነው፤ ምን ልበላቸው ይሉኛል።

መጀመሪያ፣ አልኳቸው፣ ይድመቅ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ።